አዳዳ ሽንት ቤት ናቸው

የግቢው በር ሲንኳኳ ጂቱ እጅና እግሯን እንዳሻት ዘርግታ፣ አልጋዋ ላይ ቺፕስ እየበላች ስልኳ ላይ ፊልም ታይ ነበር።

አልጋዋ ላይ ለመጨረሻ ጊዜ ከተኛች ሁለት ሳምንት አልፏል። የአባቷ ታላቅ እህት አዳዳ ጋዲሴ ከልጅ ልጃቸው ከኦልያድ ጋር ከሸኖ «ለሁለት ቀን» ብለው መጥተው፣ አዳዳ አልጋዋን፣ ኦልያድ ቻርጀሯን ወረሱ። ጂቱ ሳሎን ምንጣፍ ላይ ወረደች። አዳዳ ስልክ ሲያወሩ ያለ ኔትወርክም ሸኖ ድረስ የሚሰሙ ነው የሚመስለው። አንድ ቀን ደግሞ «ፀጉርሽ ደርቋል» ብለው በተኛችበት አናቷን በቅቤ ስለለወሱት፣ ክፍል ውስጥ ልጆቹ «ዛሬ ጭኮ ይዞ የመጣው ማነው?» ሲባባሉ ዋሉ።

ዛሬ ጠዋት ግን እናትና አባቷ ወደ ሥራ ሲሄዱ እንግዶቹን ላምበረት መናኸሪያ ሊያደርሷቸው ይዘዋቸው ወጡ። ትምህርት ዝግ ነው። ቤቱ ጭር ከማለቱ የተነሳ፣ ከእንጦጦ በኩል የሚመጣው ነፋስ ባሕር ዛፉን ሲያንሿሽሽ እንኳ ይሰማል። «ላይፍ ማለት ይሄ ነው!» ብላ ነበር ጂቱ።

ኳ! ኳ! ኳ!

«ጂቱ! ጂቱዬ! እኛ ነን!»

ፊልሙን ቀጥ አደረገችው። ትንፋሿንም አብራ። በእንብርክኳ ሄዳ መስኮቱ ሥር ተለጠፈች።

«አያቴ፣ ቤት አለች። አሁን ፊልም ይጮኽ ነበር» አለ ኦልያድ።

«ዝም በል! ተኝታ ይሆናል።»

«ተኝታ ፊልም ታያለች?»

«ሰው ሲደክመው ያያል! ይኸው አልጋዋን ነጥቀናት መሬት ላይ ስትተኛ፣ አንድ ቀን ፊቷን አላጠቆረችብንም። ተዋት፣ ትረፍ። መኪናው እንደሆነ ከሰዓት ነው ተብሏል፤ እዚሁ ድንጋዩ ላይ ቁጭ እንላለን።»

ጂቱ ፊቷን ዳሰሰች። ስንት ቀን አጥቁራዋለች! አዳዳ አላዩም ማለት ነው። ወይም አይተው... ይህን አስባ ሳትጨርስ ስልኳ ነዘረ። እናቷ ናት።

«ጂቱ፣ መኪና አጥተው ተመልሰዋል። ደረሱ?»

«እ... አዎ፣ ገብተዋል።»

«ምን ያንሾካሹክሻል? በይ አዳዳን አገናኚኝ።»

«አዳዳ... ሽንት ቤት ናቸው።»

«እሺ፣ በራሳቸው ስልክ እደውላለሁ።»

«እማ፣ ቆይ...» ተዘግቷል። ወዲያው ከበሩ ውጭ የአዳዳ ስልክ ጩኸቱን ለቀቀው። ጂቱ «አለቀልኝ!» ብላ አልጋዋ ላይ ተወርውራ ጭንቅላቷን ትራስ ሥር ቀበረች። የአዳዳን ድምፅ ግን ትራስ አያግደውም።

«ሄሎ! የጂቱ እናት! አዎ፣ ደርሰናል! ... ምን? ሽንት ቤት?»

ጂቱ በሕይወቷ እንዲህ ረጅም ጸጥታ ሰምታ አታውቅም።

«አዎ! አዎ! ሽንት ቤት ነበርኩ! አሁን ወጣሁ! ጂቱማ አልጋ ላይ አስቀምጣን፣ ምሳ ልትሠራልን ጉድ ጉድ ትላለች። ስሚ፣ እየደወልሽ ልጅቷን አታስቸግሪያት!»

«አያቴ፣ እኛ እኮ ድንጋይ ላይ ነን» አለ ኦልያድ።

«ድንጋይም ያስቀምጣል፤ ዝም በል!»

የጂቱ ጆሮዎች ጋሉ። አሁን ማንም አይደውልባትም፤ አዳዳ ሁሉን ነገር ጨርሰውላታል። ብትፈልግ እስከ ከሰዓት መተኛት ትችላለች። ትራሷን አቅፋ ትንሽ ቆየች። ከዚያ ጫማ ሳታደርግ ሮጣ ወጥታ በሩን ከፈተች።

«አዳዳ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝ፣ እኔ...»

አዳዳ ኮስተር አሉ። «ኋላ ትነግሪኛለሽ። መንገድ ልቀቂ፣ አሁን የምሬን ሽንት ቤት እፈልጋለሁ!»

እንዶሚ ሠርታ ሦስቱም ከአንድ ሳህን በሉ። ኦልያድ አልጋዋ ላይ እስኪበቃው ዘለለ። ከሰዓት ቦርሳቸውን ተሸክማ ራሷ ላምበረት አደረሰቻቸው። መኪናው ገና ግማሹም አልሞላም ነበር።

«በይ አሁን ሂጂ፤ ዕረፍትሽን ጨረስንብሽ» አሏት አዳዳ በመስኮቱ።

ቤት እስከ ማታ ማንም የለም። ረዳቱ «ሸኖ! ሸኖ! ያለቀ!» ይላል። ጂቱ ወደ ታክሲ ተራው አየች። ከዚያ መኪናው ውስጥ ገብታ ከአዳዳ አጠገብ ቁጭ አለች።

«እስኪሞላ ነው» አለች።

አዳዳ ጠጋ አሉላት።