የመርሳው ዳቦ ቤት ነጭ አመድ

የአማን ሬሳ መርሳ በሚገኘው ዳቦ ቤቱ ውስጥ፣ ከእንጨት ምድጃው አጠገብ ፍራሽ ላይ ተጋድሟል። ፊቱ፣ ብርድ ልብሱ፣ የሊጡ ገበታ ሳይቀር ጥላሸት ለብሷል። ኢንስፔክተር ፅዮን ከወልዲያ መጥታ ገና ከመኪና ስትወርድ፣ የሟቹ ታናሽ ወንድም ሙባረክ የትናንት ዳቦ ይዞ ተቀበላት። ቅመሱ ይላል፣ ሬሳ ውስጥ ተኝቶ! እጁን ገፋ አድርጋ ገባች።

«ኢናሊላሂ! የጨረሰችው እሷ ናት» አለ፣ ወደ ሟቹ ሚስት ወደ ከድጃ እየጠቆመ። «እሳቱ እስኪነጋ ይቆይ ብላ ስትዳፍን በጭስ ገደለችው። ከዚህ ቤት ትውጣልን፤ ልጆቹም ለእኛ ይቅሩ።»

ከድጃ ሁለቱን ልጆቿን ጭምቅ አድርጋ አቀፈች። «ወላሂ እንደ ሁልጊዜው ነው የዳፈንኩት። የወይራውን ጉማጅ ፍሙ ውስጥ ቀብሬ አመድ ደፋሁበት። እሱ የጉንፋን መድኃኒት ውጦ ተኛ። እኔ በሩን ቆልፌ ለቅሶ ቤት አደርኩ።»

«አብረን ነው ያደርነው» አለች ሊጥ አቡኪዋ ሃረገወይን። «ጠዋት በሯን ስትከፍት አየነውና ጮኽን። ማናችንም አልገባን፤ ፖሊስ እስኪመጣ ደጃፉን ከበን ቆምን።»

«ወይራው ከየት ነው?»

ሃረገወይን ሙባረክን ሰርቃ አየችው። «እሱ ነው የሚያመጣው። ጋሽ አማን ትናንት ግንዱን አይተው ‹ይሄማ ከመቃብራችን የተቆረጠ ነው፤ ጁምዓ ለሽማግሌዎቹ እናገራለሁ› ሲሉት ሰምቻለሁ።»

ከተማው ስንት ጊዜ በመቃብር እንጨት የተጋገረ ዳቦ በልቷል! ፅዮን ወደ ሙባረክ ዞረች።

«አንተስ?» አለችው።

«እኔ ሲሪንቃ ቤቴ ነበርኩ። ፖሊስ ከመጣ በኋላ ነው የደረስኩት።»

ፅዮን ምድጃው ላይ አጎንብሳ ብዙ ቆየች። ጣሪያው ላይ የወጣው ፖሊስም ከጭስ ማውጫው አጠገብ ጥላሸት የጠጣ እርጥብ ጆንያ አገኘ። ከዚያ ሦስቱንም ምድጃው ዘንድ ሰበሰበቻቸው።

«ጥላሸቱ ያላረፈበት ቦታ የለም። አመዱ ላይ ግን የለም፤ ነጭ ነው። ስለዚህ ጭሱ ከረጋ በኋላ አንድ ሰው ገብቶ ፍሙን እንደገና ዳፍኗል። አማን ያኔ ሞቶ ነበር። ሴቶቹን ለቀስተኛው ሁሉ አይቷቸዋል። የበሩ ቁልፍ ሦስት ነው፤ አንዱ የሟቹ ትራስ ሥር ነው፣ ሌላው ከድጃ ጋር አድሯል። ሦስተኛው የማን ነው?»

«የኔ» አለ ሙባረክ።

«አመዱን ገልጠህ እንጨቱን አነደድከው፤ ማውጫውን በጆንያ ወተፍከው። ሊነጋጋ ሲል ጆንያውን ነቅለህ ገባህ፣ መሞቱን ልታይ። ፍሙ ተገልጦ ስታየው ግን እጅህ አላስቻለውም። እዚህ አገር ፍም ገልጦ የሚሄድ የለማ! ወንድምህ እግርህ ሥር ሞቶ ተኝቶ!»

ሙባረክ አንገቱን ደፋ። «ጠዋት የሚጋገር ሊጥ ነበር» አለ።

ፅዮን እንትፍ አለች። «ውሰዱልኝ! ከድጃ፣ አንቺ ቤትሽ ነው፤ ልጆችሽም የትም አይሄዱም።»

ከድጃ ልጆቿን ለሃረገወይን ሰጠች። ማስረጃው ሁሉ በፎቶ ተይዞ ስለነበር ማንም አልከለከላትም፤ ለሊጥ የተቀዳውን ውኃ ከነባልዲው አንስታ ምድጃው ውስጥ የተዳፈነው የመቃብሩ ወይራ ላይ ደፋችው።