ቬንትሌተሩ ለማን ተነሳ

የበደለኝ የወንድሜ ልጅ ዳዊት ነው፣ የበደለኝም አምና፣ የአባቱ አርባ ወጥቶ ድንኳኑ በተነቀለ በሳምንቱ ነው። ስሙን የምደብቅበት ምክንያት የለኝም፣ እሱም የእኔን ስም በየዘመዱ ቤት ሲያነሳ አልደበቀም። ከመቀጠሌ በፊት አንድ ነገር ልንገርህ ወዳጄ፣ እኔ ጅን፣ ዛር፣ የቀትር ጋኔን የሚሉትን ነገር አምኜ አላውቅም። ጡረታ የወጣሁት ከጉምሩክ ነው፣ ባቡር ጣቢያው ላይ ሴት ፈታሽ ነበርኩ፣ ሙሉ ጣቃ ጨርቅ ሆዷ ላይ ጠምጥማ «ወላሂ እርጉዝ ነኝ» የምትል ሴት እየማለችልህ ዕድሜህን ከጨረስክ፣ ያልታየውን ቀርቶ የታየውንም ለማመን ትዘገያለህ።

ቤቱ ድሬዳዋ፣ ከዚራ ነው፣ አባታችን የባቡር ሠራተኛ ሳለ ያፈራው፣ ግንቡ ወፍራም፣ ጣሪያው ሩቅ የሆነ አሮጌ ቤት። የወንድሜ የተስፋዬ ሚስት ዳዊትን ወልዳ ብዙም ሳትቆይ ሞተች፣ ልጁን ያሳደግኩት እኔ ነኝ፣ ሳላገባ የቀረሁትም በዚሁ ሰበብ ነው፣ አሁን እሱን ማንሳት አልፈልግም። ወንድሜ ሊሞት ሲል ዘመድና ጎረቤት በተሰበሰበበት «በላይነሽ እስከኖረችበት ድረስ ቤቱ የእሷ ነው፣ ትታው የወጣች ቀን ለዳዊት ይሁን» ብሎ ተናዘዘ። ዳዊትም ሰማ፣ ራሱንም በእሺታ ነቀነቀ።

ከዚያ ወደሚኖርበት አዲስ አበባ ደርሶ ካርቶን በካርቶን ተሸክሞ ተመለሰ። «እትዬ፣ እኔ ሩቅ ነኝ፣ አንቺ ብቻሽን ነሽ፣ ሐሳብ ሊገድለኝ ነው» አለኝና ሠራተኛ ይዞ ቤቱን ሲበሳሳ ዋለ። ከቆጣሪው ጋር መብራት ምን ያህል እንደሚሄድ በስልኩ የሚነግረው ዕቃ አያያዘ፣ በረንዳው ላይ ካሜራ ሰቀለ፣ በየክፍሉ ማዕዘን ደግሞ እሱ ሴንሰር የሚለውን፣ እኔ ዓይን የምለውን ነገር ለጠፈ። ሰው ሲገባ አምፖሉና የጣሪያው ቬንትሌተር ራሱ ይነሳል፣ ሰው ሲወጣ ራሱ ይጠፋል፣ ይህም ሁሉ ስልኩ ላይ ይታየዋል። የግድግዳውን ማብሪያ ግን ነቅሎ ቀዳዳውን በፕላስቲክ ደፈነው፣ ከእንግዲህ አያስፈልግሽም ብሎ።

እንዲህ ዓይነቱን ዕቃ ላስገባ ወይስ ይቅርብኝ ብለህ ከጠየቅከኝ፣ ለጥላቻዬ ብዬ አልዋሽህም። የቆጣሪው ጥሩ ነው፣ አሮጌው ፍሪጄ ስንት ዘመን ሲግጠኝ እንደኖረ ያጋለጠልኝ እሱ ነው፣ ቀይሬው ተገላገልኩ። የአምፖሉም ደግ ነው፣ ሽንት ቤት ስሄድ ግድግዳ መዳበስ ቀረልኝ። ነገሩ የተበላሸው ግንቦት ሲገባ ነው። የድሬን ግንቦት ካላየህ ምን ብዬ እነግርሃለሁ፣ ግንቡ ራሱ እሳት ይተነፍስብሃል፣ በዚያ ሰዓት ሰው የሚኖረው በቬንትሌተር ነው፣ የእኔ ቬንትሌተር ግን ቀትር ሲሆን እኔን ማየት ተወ። ከስሩ ቆሜ ባቡር እንደሚሸኝ ሰው እጄን ባውለበልብ ንቅንቅ አይልም።

ደወልኩለት።

«ዳዊት፣ ይሄ ቬንትሌተርህ አልነሳ አለ።»

«እትዬ፣ ሰው ካለ ይነሳል።»

«እኔስ ምንድን ነኝ?»

ሳቀ። «እዚህ እኔ ቤት እኮ ድመት ስታልፍ ይነሳል» አለኝ።

ምን እየሠራ እንደነበር የነገረችኝ ሐሊማ ናት። ሐሊማ ጓሮ ለጓሮ የምንዋሰን፣ ቀፊራ ገበያ ቅመም የምትነግድ የሶማሌ ጎረቤቴ ናት፣ በወጣትነቷ ስንት ጊዜ ፈትሼ ይዣታለሁ፣ ስንት ጊዜም አምልጣኛለች፣ አሁን ሁለታችንም አርጅተን ወዳጆች ሆነናል።

«አቦ በላይነሽ» አለችኝ፣ «ያ ያሳደግሽው ልጅ ቤቱ ቀን ቀን ባዶ ነው እያለ ስልኩን ለሰው ሁሉ ያሳያል አሉ። አክስቴ የምትውለው ሐሊማ ጋ ነው፣ ቤቱን ትታዋለች ይላል። ወላሂ እኔ ጋ ብትውዪ በርበሬ አስቀነጥስሽ ነበር!»

እኔ አልሳቅኩም። ያ ሁሉ ዓይን ለምን እንደተለጠፈ ያኔ ገባኝ። እሑድ ዘመዶች ይሰብሰቡልኝ ብሎ ጠርቶ ኖሯል፣ አባቴ እንዳለው ትታዋለችና ቤቱን ልረከብ ሊል። አንድ ዕቃ የለችም ስላለ ከተወለድኩበት ቤት ልወጣ ነበር፣ እመነኝ፣ ከሙቀቱ ይልቅ ያቃጠለኝ ይሄ ነው።

የማወራህ ነገር የሆነው ከዚያ በፊት በነበረው ሐሙስ ነው፣ ያውም በጠራራ ፀሐይ፣ ድሬ በምትተኛበት ሰዓት። ሱቁ ተዘግቶ፣ ባጃጁ የኒም ዛፍ ጥላ ስር ተኮልኩሎ፣ ውሻ እንኳ ለመጮህ ሰንፎ ነበር። የሳሎኑንና የመተላለፊያውን ሊሾ ውኃ ረጨሁ፣ ሰሌን አንጥፌ በጀርባዬ ተጋደምኩ፣ ያን የማያየኝን ቬንትሌተር ሽቅብ እያየሁ።

«ጠቅ» የሚል ድምፅ ሰማሁ። የመጣው ከወንድሜ ክፍል ነው፣ አርባው ከወጣ ጀምሮ ቆልፌው ቁልፉን አንገቴ ላይ ነው የማስረው። ቀጥሎ የዚያ ክፍል ቬንትሌተር ኩር ኩር ማለት ጀመረ፣ ድምፁን አውቀዋለሁ፣ አንዱ ክንፉ ጠማማ ነው። መብራት ሄዶ ሲመጣ እንዲህ ያደርጋል ብዬ ተውኩት፣ ግን የፍሪጁ ድምፅ ለአፍታም አልተቋረጠም ነበር። እሱ ቆመና የመተላለፊያው አምፖል በራ፣ በቀን። እሱ ጠፋና የምግብ ቤቱ ቬንትሌተር ተነሳ። ልብ በል፣ ሁሉም አንድ ላይ ቢነሱ ብልሽት ነው እል ነበር፣ እነዚህ ግን ከፊት እየተነሱ ከኋላ እየጠፉ ነው የመጡት፣ እንግዳ ቤት ገብቶ እየቆመ እየተመለከተ እንደሚራመድ ሰው፣ በዝግታ።

ከዚያ ከራሴ በላይ ጠቅ አለና የእኔው ተነሳ።

«ማነው?» አልኩ። የእኛ አገር ሰው አንድ ቋንቋ ሲያቅተው በሌላ ይሞክራል፣ «ኤኙ?» አልኩ በኦሮምኛ፣ «ዋ አዮ?» አልኩ በሶማሌኛ። እውነቱን ልንገርህ፣ አልተነሳሁም። ከሰሞኑ የዚያን ዕለት ነው ንፋስ ያገኘሁት፣ ንፋሱም ደስ ይል ነበር።

ስልኬ ጮኸ። ዳዊት ነው።

«እትዬ፣ እንግዳ አለ እንዴ ቤት?»

«የለም።»

«ከአባባ ክፍል ተነስቶ ሳሎን የገባ ሰው አለ ይላል እኮ።»

«የአባትህ ክፍል ተቆልፏል።»

ድምፁን ዝቅ አደረገ፣ ልጅ ሆኖ ጨለማ ሲፈራ እንደሚያደርገው። «ካሜራው ላይ ማንም አልገባም። እትዬ፣ ሳሎን ውስጥ ነው። ቆሟል። አይ... አሁን ተንቀሳቀሰ።»

ቀና ብዬ አየሁ። ሰው የለም። መጋረጃዎቹ ሁሉ በንፋሱ ይወዛወዛሉ፣ በእግሬ በኩል ያለው ብቻ አንዳች ነገር ተደግፎት ይመስል ግድግዳው ላይ ልጥፍ ብሎ ቀጥ ብሏል።

«እኔ ነኝ» አልኩትና ዘጋሁት።

ቬንትሌተሩ እስከ አሥር ሰዓት ድረስ ሳይቆም ዞረ። ሲቆም ተነሳሁ። በዚያ ሙቀት የተረጨ ውኃ ጣሳውን ሳታስቀምጥ ነው የሚደርቀው፣ ሊሾውም ደርቆ ነጭ ሆኗል፣ ከወንድሜ ክፍል በር እስከ ሰሌኔ ጫፍ ድረስ ግን እርጥብ ነጠብጣብ ተሰልፏል፣ እያንዳንዱ የእግር መዳፍ ያህል ነው። አንዱን ዳሰስኩት፣ ጥላ ስር እንደዋለ እንስራ ሆድ ይቀዘቅዛል። ወንድምሽ ነው ልትለኝ እንደምትቸኩል አውቃለሁ፣ ሐሊማም ብነግራት እንዲያ ነው የምትለኝ። ወንድሜ ግን ግራ እግሩን እየጎተተ የሚያነክስ፣ እግሩም ሰፊ ሰው ነበር። እነዚህ ጠባብ ናቸው፣ እኩል እኩል የተረገጡ ናቸው። ደግሞ የመጡበት እንጂ የሄዱበት የለም።

እሑድ ቀትር ደረሰ። ዳዊት ሁለት የአጎቶቼን ልጆችና የሰፈሩን ሽማግሌ፣ ጡረታ የወጡትን የፊዚክስ መምህር ጋሽ ግርማን ይዞ ሳሎኔ ውስጥ ተቀመጠ። ሐሊማ ሳትጠራ መጥታ በሩ ላይ ቁጭ አለች። ዳዊት ስልኩን አዙሮ አሳየ፣ ሰኞ ቀትር ባዶ፣ ማክሰኞ ቀትር ባዶ፣ እያለ።

ጋሽ ግርማ መነጽራቸውን አውልቀው ዓይኑን ሽቅብ አዩት። «ይሄ የሚያየው ምንድን ነው?»

«ሰው ነው ጋሼ።»

«ሰው አያይም። ሙቀት ነው የሚያየው። ሰውየው ከግድግዳው ሲለይ ነው የሚያውቀው። በአዲስ አበባ ብርድ አንተ እሳት ነህ፣ በድሬ ግንቦት ግን አክስትህና ግንቡ እኩል ናቸው። በል በላይነሽ፣ ቀዝቃዛ ለስላሳ አለሽ?»

ከፍሪጅ አውጥቼ ሰጠኋቸው። ወንበር ላይ ወጡ፣ እጃቸውን ዓይኑ ፊት ወዲህ ወዲያ አደረጉ፣ ምንም የለም። ላቡ የሚንጠባጠበውን ጠርሙስ አሳለፉት፣ ጠቅ፣ ቬንትሌተሩ ተነሳ።

ቤቱ በሳቅ ፈረሰ። «አቦ!» አለች ሐሊማ፣ «እንግዲህ በላይነሽንም ፍሪጅ ከትተን ስናወጣት ያያታላ!» የአጎቶቼ ልጆች እንባቸው እስኪመጣ ሳቁ። እኔ ግን ጠርሙሱን እያየሁ ቀረሁ። ሐሙስ ዕለት ቬንትሌተሩ ለማን እንደተነሳ አላውቅም፣ እንደ ጠርሙሱ ቀዝቃዛ እንደነበረ ግን አወቅሁ።

ዳዊትም አልሳቀም። «እሺ» አለ፣ «እትዬን የማያይ ከሆነ፣ ሐሙስ ቀን ከአባባ ክፍል እስከዚህ የተራመደው ማነው?»

ሁሉም ወደ እኔ ዞሩ።

«በረዶ ይዤ ነበር» አልኩ።

«በረዶ?»

«ራሴን አሞኝ፣ በሻሽ ቋጥሬ ግንባሬ ላይ አድርጌ ነበር።»

«የአባባ ክፍል ተቆልፏል አላልሽኝም?»

«ቁልፉ አንገቴ ላይ አይደል? የምቆልፈውም የምከፍተውም እኔ ነኝ።»

ጋሽ ግርማ አዩኝና መነጽራቸውን አደረጉ። ስልክ ምስክር አይሆንም፣ በላይነሽ ቤቷ ናት ተባለ። ማብሪያዎቹ ወደ ቦታቸው ይመለሱ፣ ዓይኖቹና ካሜራው ግን ለልጁም ለእሷም መጽናኛ ናቸውና ይቆዩ ተባለ። ዳዊት ለወጉ ጉልበቴን ስሞ ሄደ፣ ይቅርታ ግን አልጠየቀኝም፣ እኔም አልጠበቅኩም።

ክረምቱ በዚሁ አለፈ። ማብሪያው ስለተመለሰ ቬንትሌተሬን ራሴ አስነሳለሁ፣ የወንድሜ ክፍል በቀትር ጠቅ ሲል ራዲዮዬን ከፍ አደርጋለሁ። ታኅሣሥ ላይ፣ የድሬ አየር ለሰው ሲመች፣ ዓይኑ እኔንም ማየት ጀመረ፣ ከግንቡ ተለይቼ ሰው ሆንኩለት። ከሰዓት በኋላ ሳሎን ተቀምጬ ቀሚስ ስጥፍ ዳዊት ደወለ።

«እትዬ፣ ማን አለ አንቺ ጋ?»

«ምን አልክ?»

«ሳሎን አንድ ሰው አለ ይላል። መኝታ ቤትሽም አንድ ሰው አለ።»

ከተቀመጥኩበት የመኝታ ቤቴ በር ይታየኛል፣ ገርበብ ብሏል። ውስጡ መብራቱ በርቷል።

«ሐሊማ ናት» አልኩት። «ደክሟት ጋደም ብላ ነው።»

የዚያኑ ዕለት ልብሴን በፌስታል ይዤ በጓሮ በር ወደ ሐሊማ ግቢ ገባሁ። አሁን የምኖረው እዚያ ነው፣ በርበሬም እቀነጥሳለሁ። ቤቱን ትታ ወጣች እንዳይባል ጠዋት ጠዋት በጓሮ ገብቼ በረንዳውን ካሜራው ፊት እጠርጋለሁ፣ ጽጌረዳዎቹን ውኃ አጠጣለሁ፣ ተመልሼ በጓሮ እወጣለሁ። ዳዊት በየሳምንቱ ይደውላል። «ትናንት ደግሞ ስትንጎራደጂ ዋልሽ፣ እግርሽ በረታ እትዬ» ይለኛል። አዎ እለዋለሁ።