በ47 የሚያልቀው ቁጥር

«እትዬ የሺ፣ ሃና ነኝ እኮ። የደምሴ ልጅ።»

«ድምፁስ የእሷ ነው» አሉ እትዬ የሺ ከመርሳ። ከበስተኋላቸው የአውቶቡስ ጥሩምባና የፍራፍሬ ሻጮች ጩኸት ይሰማል። «ያ ሌባም እኮ ድምፁ ቁርጥ የወንድሜን ልጅ ነበር።»

«አሁን ስልክዎ ላይ የገባውን ኮድ ብቻ ነው የምፈልገው።»

«የማልናገረውም እሱኑ ነው። ኮድ ለማንም እንዳልናገር ሃና በማርያም አስምላኛለች። ሃና ከሆንሽ ታውቂዋለሽ፤ ካልሆንሽ ደግሞ ልብ ይስጥሽ» ብለው ጆሮዋ ላይ ዘጉት።

ሃና ወልድያ ከእናቷ ጋር በተከራዩት ቤት ደጃፍ ላይ እንደተቀመጠች ስልኩን አፍጥጣ አየችው። አጠገቧ ያለችው የክፍል ጓደኛዋ ዙልፋ በሳቅ ሆዷን ይዛለች።

«ወላሂ ራስሽ በቆለፍሽው በር ውጭ ቀረሽ» አለቻት።

«አትሳቂ። የአባዬ ቪዲዮ እኮ ነው እዚያ ውስጥ ያለው።»

ዙልፋ ሳቋን ዋጥ አደረገችው።

ነገሩ እንዲህ ነው። ሰሞኑን የሃና ስልክ ከባጃጅ ላይ ወድቆ የት እንደገባ ሳይታወቅ ቀረ። አጎቷ ሲጠቀምበት የነበረውን ታች ስልክ ሰጣት፤ አዲስ ሲም አወጣችና ኢሜይሏን ልትከፍት ሞከረች። የይለፍ ቃሉን አልረሳችም። ኢሜይሉ ግን ስልኩን አላወቀውም፤ አንቺ ለመሆንሽ ማረጋገጫ በ47 ወደሚያልቀው ቁጥር የላክሁትን ኮድ አምጪ ብሎ ድርቅ አለ። ፎቶዎቿና ቪዲዮዎቿ በሙሉ እዚያ ናቸው። አባቷ ካረፈ ሁለት ክረምት አልፏል፤ ድምፁ ከአንዲት አጭር ቪዲዮ በቀር የትም የለም። አሁን አሁን ልታስታውሰው ስትሞክር ይላት የነበረው ነገር ሁሉ ይመጣላታል፣ ድምፁ ግን እምቢ ይላታል። ይሄ ያስፈራታል።

«ለመሆኑ በብርቱካን ሻጭ ቁጥር ኢሜይል የሚከፍት ማነው?» አለች ዙልፋ።

«የሰፈራችን ልጅ ሁሉ።»

እውነቷን ነው። ያኔ መርሳ በእነሱ ሰፈር የራሱ ቁጥር ያለው ልጅ አልነበረም። የአባቶች ስልክ ወይ ከባለቤቱ ጋር እርሻ ላይ ነው፣ ወይ ባትሪ ጨርሷል። የእትዬ የሺ በተን ስልክ ግን ጠፍታ አታውቅም፤ ሾፌሮች ፍራፍሬ የሚያዙት በእሷ ነዋ። ስለዚህ አንዱ ፌስቡክ፣ አንዱ ቴሌግራም፣ አንዱ ኢሜይል ሲከፍት የሚያስገባው የእሳቸውን ቁጥር ነበር። ልጆቹ ሲም የሌለው ስልክ ይዘው ከአስፋልቱ ማዶ፣ ከካፌው ግድግዳ ስር ዋይፋይ እየለቀሙ ይጠብቃሉ፤ ኮዱ ሲመጣ እትዬ የሺ ከወዲህ ማዶ ይጮኻሉ። መከራው ኮዱ ሁልጊዜ ከአውቶቡስ ጋር እኩል መድረሱ ነው። እሳቸው «ሃምሳ ሁለት! ሠላሳ! ስድሳ አንድ!» ሲሉ ተሳፋሪው የብርቱካን ዋጋ መስሎት በመስኮት ይከራከራል። የጎረቤታቸው ልጅ ቢኒያም ደግሞ የፓፓያውን ዋጋ ኮድ ነው ብሎ አስገብቶ አካውንቱ ተቆልፎበት ያውቃል። እንዴት ያለ ደስ የሚል ጊዜ ነበር።

ከዚያ አንድ ሌባ ደወለ። የወንድምዎ ልጅ ነኝ ብሎ ኮድ ተቀበላቸውና በስልካቸው ያጠራቀሙትን ገንዘብ ሙልጭ አድርጎ ወሰደው። እትዬ የሺ ሲያለቅሱ ሃና ማየት አልቻለችም። ትምህርት ቤት የተማረችውን ይዛ ሄደችና «እኔ ነኝ ብዬ ብደውል እንኳ እንዳይናገሩ። በማርያም ይበሉ» አለቻቸው። «በማርያም» አሉ። እትዬ የሺ በማርያም ከማሉ ደግሞ በቃ፣ አለቀ።

«ታዲያ ሂጂያ» አለች ዙልፋ። «መርሳ እኮ ቅርብ ነው። ግን እንደገባሽ መጀመሪያ ቁጥሩን በራስሽ ቀይሪው። ነገ ሲሙ ቢጠፋባቸው ምን ልትሆኚ ነው?»

«እቀይረዋለሁ» አለች ሃና። የምሯን ነበር።

ቅዳሜ ጠዋት ሃና በሚኒባስ ሲሪንቃን አልፋ ወደ መርሳ ሄደች። አባቷ ባጃጅ ነጂ ነበር። ከቀብሩ በኋላ እናቷ ወልድያ ሥራ ስታገኝ እቃቸውን ጭነው ወጡ፤ ሃና ከዚያ ወዲህ መርሳን ረግጣ አታውቅም። ሰበብ አጥታ አልነበረም፤ ፈርታ ነው እንጂ። ስትወርድ መንገዱ ዳር የቆሙት ባጃጆች ሁሉ አንድ ዓይነት ናቸው፣ ዓይኗ ግን ሳታዘው የአባቷን ፈለገ።

እትዬ የሺ እዚያው ቦታቸው፣ ቀለሙ በለቀቀው ዣንጥላ ስር ነበሩ። ሲያዩዋት የያዙትን ፓፓያ አስቀመጡ።

«ውይ በሞትሁት፣ አንቺው ራስሽ ነበርሽ?» ብለው አገላብጠው ሳሟት። «ልጄን ከሌባ ቆጠርሁሽ።»

«ልክ ነበሩ እትዬ። እኔው ነኝ ያስማልሁዎት።»

«ቁመትሽ ደግሞ የደምሴን ወጣ» አሉና በነጠላቸው ጫፍ ዓይናቸውን ጠረጉ።

ሃና አጠገባቸው ሳጥን ላይ ተቀምጣ ኮዱ እንደገና እንዲላክ ጠየቀች። እትዬ የሺ ከመቀነታቸው ሁለት ስልክ አወጡ። አንዱ አዲስ ታች ነው፤ ልጃቸው ትንሳኤ ከነሲሙ ከደሴ የላከችላቸው። ሌላዋ ያቺው በተን ስልክ ናት፤ ጀርባዋ እንዳይወልቅ በላስቲክ ታስራለች።

«ሁለት ስልክ ምን ያደርግልዎታል?»

«ትንሳኤም ያንን አሮጌ ጣይው ትለኛለች። ሾፌሮቹም ቢሆኑ አዲሱን ቁጥር ይዘዋል።» ስልኳን በመዳፋቸው ጠረግ ጠረግ አደረጓት። «የእናንተ ኮድ ቢመጣስ ብዬ ነው። ማታ ማታ ቻርጅ አደርጋታለሁ።»

ወዲያው በተን ስልኳ ጢጥ አለች።

እትዬ የሺ አዩና አፋቸውን ከፈቱ፤ መልሰው ዘጉት። ከዚያ ስልኳን እንዳለች አቀበሏት። «አልናገርም ብዬ ማልሁ እንጂ አላሳይም አላልሁም» አሉ።

ኢሜይሉ ተከፈተ። ሃና ቪዲዮውን ፈልጋ ስልኩን በሁለታቸው መካከል አደረገችው።

አባቷ፣ አሁን እሷ በተቀመጠችበት ቦታ፣ ሳጥን ላይ ተቀምጦ ልጣጩን ሳይበጥስ ብርቱካን ይልጣል። አምባሰል እያንጎራጎረ ነው። «ደምሴ፣ ደንበኛ ታባርርብኛለህ» ይላል የእትዬ የሺ ድምፅ። «የመጣውም በእኔ ዜማ ነው» ይመልሳል። ወዲያው ስልክ ጢጥ ይላል። «ቢኒያም፣ መጣልህ! አርባ ስምንት! አሥራ ሰባት! ሃምሳ ሦስት!» አውቶቡስ ጥሩምባውን ይነፋል፣ ቢኒያም አይሰማም። አባቷ ይነሳና ብርቱካኑን እንደያዘ ኮዱን በአምባሰል ዜማ ወደ ማዶ ይለቀዋል፤ አርባ ስምንትን እየጎተተ፣ አሥራ ሰባት ላይ ድምፁን እያንቀጠቀጠ። ምስሉ ይንቀጠቀጣል። የቀረጸችው ሃና በሳቅ ፈርሳ ነበር።

ድምፁ ይሄ ነበር። እሷ ካሰበችው ቀጠን ይላል። ሃና እንባዋ ሲወርድ አልጠረገችውም፤ እየሳቀችም ነበርና።

«ይሄን ሰው» አሉ እትዬ የሺ። «እስቲ ድገሚልኝ።»

ደገመችላቸው። ሦስተኛም አዩት። አንድ ሚኒባስ ቆሞ ብርቱካን ቢጠይቅ እትዬ የሺ አልተነሱም።

ቪዲዮውን ስትዘጋው ኢሜይሉ ሌላ ጥያቄ ይዞ ጠበቃት። በ47 የሚያልቀው ቁጥር አሁንም የአንቺ ነው? ከታች ሁለት ምርጫ አለ፦ አዎ፣ ቀይር። የዙልፋ ምክር ትዝ አላት።

እትዬ የሺ ወደ እሷ ሳያዩ ብርቱካናቸውን እንደ አዲስ መደርደር ጀመሩ። «ልትቀይሪው ነው አይደል? ቀይሪው፤ ደግ ነው። ቢኒያም ቀየረ። ጓደኛችሁ ኤርሚያስም ለፋሲካ መጥቶ ቀየረ። ያንቺ ብቻ ነበር የቀረ።»

የሃና ጣት «ቀይር» ላይ ነበር። ለጥቂት ጊዜ እዚያው ቆየ። ከዚያ ወደ ጎን ሄዶ «አዎ» የሚለውን ነካ።

በተን ስልኳን መለሰችላቸው። እትዬ የሺ ተቀብለው አዩዋት፣ ሃናንም አዩ።

«በሌላ ጊዜ ኮድ ፈልጌ ስደውልስ?» አለች ሃና። «እኔ መሆኔን እንዴት ነው የሚያምኑኝ?»

«አላምንሽም» አሉ ስልኳን መቀነታቸው ውስጥ እየመለሱ። «ትመጫለሽ።»

ሃና እሺ አለች። ከድርድሩ አንድ ብርቱካን አንስታ ልጣጩን ሳትበጥስ መላጥ ጀመረች።