የመርጌታ ወልደሚካኤል ደም

መርጌታ ወልደሚካኤል ሰኞ ማለዳ በደብረ ታቦሩ የልብ ሕክምና ማእከል፣ አልጋቸው ላይ ሞተው ተገኙ። የልባቸው ምት እየተዛባ ሲያስቸግራቸው ቆይቷል፤ የገደላቸው ግን ልባቸው አይደለም። ደም እንዳይረጋ የሚውጡት ክኒን ደማቸውን ከልክ በላይ አቅጥኖት፣ ደሙ ጭንቅላታቸው ውስጥ ፈሷል። ከጉና የወረደው ጉም መስኮቱን ሸፍኖታል፤ የሕሙማኑ ክፍል ጭጭ ብሏል።

ኢንስፔክተር ውብአለም ስትደርስ ሁሉም ጣቱን ነርስ ዝናሽ ላይ ቀስሮ ጠበቃት። እንዲህ ነን እኛ፤ ሰው ሲሞት ዓይናችን መጀመሪያ አቅመ ቢሱ ላይ ያርፋል። ፖሊስም አጠገቧ ቆሞባታል።

«ማታ ክኒኑን የሰጠችው እሷ ናት» አለ የክኒኑን መጠን በማእከሉ ሕሙማን ላይ የሚያጠናው ዶክተር ምሕረትአብ። «ደርባ ሰጥታቸው ይሆናል። እኔ ትናንት ከቅዳሴ ሲመለሱ ራሴ ጣታቸውን ወግቼ የደማቸውን ቅጥነት ለክቻለሁ። ደህና ነበር።»

«ያየ ሰው አለ?»

«እሑድ ነበር፤ ማን ይኖራል?»

የዝናሽ ዓይን በለቅሶ አብጧል። «በማርያም! ዶክተሩ ያዘዘውን ብቻ ነው የሰጠኋቸው። ክንዳቸው ያለ ምክንያት እየበለዘ ነው ብዬ ከሐሙስ ጀምሮ ነግሬዋለሁ። ‹አንቺ ሥራሽን ሥሪ› አለኝ። እኔ ብታሰር ልጆቼን ማን ያሳድግልኛል?»

ውብአለም የሟቹን እጆች አንስታ በብርሃን አየቻቸው። ክንዳቸው የተነካበት ቦታ ሁሉ ጠቁሯል። ጣቶቻቸው ግን ንጹሕ ናቸው።

ኮሪደሩ ላይ ወደተቀመጡት ባለቤታቸው ሄደች።

«እማማ ጌጤ፣ እግዚአብሔር ያጽናዎት። ትናንት እንዴት ዋሉ?»

«እንዴት ያለ ቀን ነበር መሰለሽ ልጄ! ዕድሜያቸውን ሙሉ ማኅሌት ቆመው ሳይቆርቡ ኖረው፣ ትናንት አብረን ቆረብን። አፍረን ለሰው አልነገርንም። ቀኑን ሙሉ ምራቃቸውን እንኳ አልተፉም። ጥፍርዎ ተሰንጥቋል፣ ልቁረጥልዎ ብላቸው ‹ተይ! ደም ቢወጣኝስ?› ብለው ተቆጡኝ።»

ውብአለም ሁሉንም አልጋው አጠገብ ሰበሰበቻቸው።

«ዶክተር፣ ጣታቸውን ሲወጉ ምን አሉዎት?»

«ምን ይላሉ? ዝም ብለው እጃቸውን ሰጡኝ።»

እማማ ጌጤ ደንግጠው ቀና አሉ። «ውሸት! ቆርበው? በመርፌ?»

ዶክተሩ ከአልጋው ወደ ኋላ አፈገፈገ። እሱም የአገሩ ልጅ ነው፤ የቆረበ ሰው በዚያን ቀን ደሙን እንደማያፈስ አሳምሮ ያውቃል። ያላወቀው መርጌታው መቁረባቸውን ነው። ደብተራ ይዘምራል እንጂ መቼ ይቆርባል ብሎ ነበር።

«ክንዳቸው ሲነካ የሚበልዝ ሰው፣ ጣታቸው ተወግቶ ምልክት አይገኝበትም?» አለች ውብአለም። «ደግሞ አንድ ማታ ተደርቦ የተሰጠ ክኒን በአንድ ሌሊት ደምን እንዲህ አያቀጥንም፤ ቀናት ይፈጃል። ይህን እርስዎ ከእኔ በላይ ያውቃሉ። የእሑዱ ምርመራ የሚባል ነገር የለም። የክኒኑን መጠን ከፍ ያደረጉት እርስዎ ነዎት። ዝናሽ ስትነግርዎ ደማቸውን ቢለኩ ኖሮ መጠኑ መብዛቱ ይታወቅና ጥናትዎ ይቆም ነበር፤ ስለዚህ ሳይለኩ ቀሩ። ሲሞቱ ደግሞ በእሷ አላከኩ።»

«ትንሽ ነበር እኮ የቀረኝ» አለ ዶክተሩ ድምፁ እየሟሸሸ። «ለአገራችን ሰው የሚስማማውን መጠን ላገኝ ነበር።»

«እኔ ባሌን አጣሁ» አሉ እማማ ጌጤ።

ውብአለም ዝናሽ እንድትለቀቅ አዘዘች። ዝናሽ ግን አልተደሰተችም፤ ፊቷ ነጣ። «ለሌሎቹም እኮ ያንኑ መጠን ነው የሰጠኋቸው» አለች።

ወዲያው ከቀጣዩ ክፍል የሰው ጩኸት ተሰማ። «ሲስተር! ኧረ ድረሽልኝ፣ ራሴን ሊፈልጠኝ ነው!»

ዝናሽ እየሮጠች ወጣች። ዶክተሩም ሊከተላት ሲነሣ ፖሊሱ ክንዱን ጨመደደው። «ልቀቀኝ! ማርከሻውን መስጠት አለብኝ!» እያለ ይታገላል። ፖሊሱ ውብአለምን አየ፤ እሷም ለአፍታ አመነታች።

እማማ ጌጤ ግን ዓይናቸውን ከባላቸው ፊት ሳይነቅሉ ተናገሩ። «ልቀቁት፣ ያክመው። ከዚያ እሰሩት።»