መኪናዋ አበደች ወይስ እግሩ?

ይህ ታሪክ እውነት ነው። ውሸት ነው የሚል ካለ ምላሴን ይቁረጠው፤ ከዚያ በፊት ግን እስከ መጨረሻው ያንብበው። አንዲት ነገር አልጨመርኩበትም፣ ወላሂ!

ሐጂ ኡመይር ጅማ አጠገብ ሰቃ ከተማ ባለው የቡና መጋዘናቸው ደጃፍ፣ በአዲሷ የኤሌክትሪክ መኪናቸውና በግንቡ መካከል ተጣብቀው ሞቱ። ኢንስፔክተር ሩፈይዳ ከጅማ ስትደርስ አስከሬኑ በጋቢ ተሸፍኖ ነበር። ዝናቡ ዶሮ እንኳ ጃንጥላ የምትዋስበት ዓይነት ነው። መኪናዋ የኋላ ግማሿን ከመጋዘኑ ጣሪያ ሥር አስገብታ፣ ድምፅ የላት፣ ጭስ የላት፣ ዝም ብላ ቆማለች። ሰዉ በአጠገቧ ላለማለፍ አጥሩን ታክኮ ይሄዳል።

ግቢው ለሁለት ተከፍሎ ይከራከራል።

«የሹፌሩ እግር ነው አባቴን የገደለው!» አለ የሟቹ ልጅ ኢርፋን። «ባለሙያው ኮምፒውተሩን አይቶ ፍሬን አልተነካም ብሏል። ነዳጅ ነው የረገጠው!»

«ነዳጅ በሌላት መኪና?» አለ ቲጃኒ። «ያበደ ኮምፒውተር ስለ ራሱ ምን ብሎ ይመሰክራል? ምስኪኑን ሹፌር ተወው። ኤሌክትሪክ አንዴ ከቀወሰ ቀወሰ ነው።»

ቲጃኒ የሐጂ የወንድም ልጅ ነው። አሮጌውን የጭነት መኪና ሲነዳ ኖሮ፣ አዲሷ ስትገባ መሪው ከደብረ ብርሃን ለመጣው ለፈለቀ ተሰጠ፤ እሱ አጣቢ ሆኖ ቀረ። ይህም ሆኖ ለፈለቀ ከሁሉ አብልጦ የሚሟገተው እሱ ነበር። ፈለቀ ራሱ ጥግ ላይ ተቀምጦ፣ በጥፊ የቀላ ጉንጩን ይዞ፣ ትንፍሽ አይልም።

ሩፈይዳ መኪናዋን ዞረቻት። እንደ መስተዋት ታጥባለች። የኋላዋ ካሜራ ብቻ በቀይ ጭቃ ተደፍኗል፤ ጭቃው ላይ የአውራ ጣት ቅርጽ አለ።

«ማን አጠባት?»

«እኔ፣ ዛሬ ጠዋት» አለ ቲጃኒ። «ሐጂ ንጽሕና ይወዱ ነበር፣ አላህ ይዘንላቸው።»

መጋዘኑ ውስጥ ከጆንያው ክምር የታችኞቹ ተፈርክሰው ቡናው ወለሉ ላይ ፈሷል። የተቀደዱት ሁሉ እኩል ከፍታ ላይ ነው።

«ትናንት ነው» አሉ የሟቹ ባለቤት ኩልሱም። «ቲጃኒ አይጥ ነው አለኝ።»

«ይህቺ አይጥ መንጃ ፈቃድ ሳይኖራት አይቀርም» አለች ሩፈይዳ። ኩልሱም አልሳቁም። «አዴ፣ ያዩትን ይንገሩኝ።»

«በመስኮት አየሁ። ሐጂ ከኋላ ሆነው ‹ና፣ ና› እያሉ ይመሩታል። ከዚያ ‹ዻቢ!› ብለው ጮኹ። አቁም ማለታቸው ነው፤ ኦሮምኛ ይልመድ ብለው በሌላ አያናግሩትም ነበር። ያኔ መኪናዋ ዘለለች። ሁለተኛ ‹ዻቢ!› ሲሉ...» ነጠላቸውን አፋቸው ላይ አደረጉ።

ሩፈይዳ ዞር ብላ መኪናዋን አየቻት። ያበደ ነገር ቃል አይሰማም። ይህቺ መኪና ግን ሁለቴም ሰምታለች።

ፈለቀን ለብቻው ወሰደችው።

«ጥፊው የምንድን ነው?»

«ኢርፋንን፣ አባትህ ራሳቸው ናቸው ግፋ ያሉኝ አልኩት። መታኝ። ከዚያ በኋላ ማን ይሰማኛል ብዬ ዝም አልኩ።»

«‹ዻቢ› ማለት ምንድን ነው?»

«ግፋ።»

«‹ዺቢ›ስ?»

«አቁም።»

ሩፈይዳ ዓይኗን ጨፈነች። ተገላቢጦሹ ነው፤ ግፋ ማለት ‹ዺቢ› ነው። «ማን አስተማረህ?»

ስሙን ነገራት።

«ይክዳል» አለች ቀስ ብላ። «እሱ ከካደ ደግሞ አንተ እስር ቤት ትሸብታለህ።»

ከቀብር መልስ ሁሉንም ግቢው ውስጥ ሰበሰበቻቸው።

«ሐጂ የቆሙበት ቦታ ሰው ይቁምልኝ።»

ኢርፋን ብድግ አለ።

«አንተ ተቀመጥ። አቶ ቲጃኒ፣ እርስዎ ይቁሙ። መኪናዋ ስትቀርብዎ ሐጂ ያሉትን ቃል ይበሉ። ሌላ አይናገሩ።»

«እንዴ! ያበደች መኪና ፊት?»

«እኔም ውስጥ ነኝ» ብላ ከፈለቀ አጠገብ ገባች፤ እጇንም የእጅ ፍሬኑ ቁልፍ ላይ አደረገች።

መኪናዋ ወደ ኋላ መጣች። ድምፅ የላት። ቲጃኒ አፈገፈገ፤ ጀርባው ግንቡን ነካ። አፉን ከፈተ፣ «ዻ...» አለና ዋጠው። መኪናዋ መጣች። ግራ አየ፣ ቀኝ አየ፤ ግንቡ እንደሆነ አይሸሽም።

«ዺቢ!» ብሎ ጮኸ። «ፈለቀ! ዺቢ! ዺቢ!»

መኪናዋ ጉልበቱ ጋ ስትደርስ ቀጥ አለች።

መጀመሪያ የተናገሩት ኩልሱም ናቸው። «ግፋ አለ። ሊሞት ሲል፣ ግፋ አለ።»

ሩፈይዳ ከመኪናዋ ወረደች። «እርስዎ» ማለቷ እዚያው ቀረ።

«መኪናዋ አላበደችም፤ የፈለቀም እግር አልሳተም፣ የተማረውን ነው ያደረገው። ቃሎቹን ገልብጠህ ያስተማርከው አንተ ነህ። መጀመሪያ ቀልድ ነበር፤ እንግዳው ይሳቅበት፣ ይባረር ብለህ ነው። ትናንት መጋዘን ውስጥ አምልጦህ ‹ዻቢ› አልከው፣ መኪናዋን ይዞ ጆንያው ላይ ወጣ። ያኔ ቀልድህ ሰው እንደሚገድል ገባህ። ለፈለቀ ‹ጎበዝ፣ ግፋ ማለቴ ነው› አልከው፤ ለአዴ ኩልሱም አይጥ ፈጠርክላቸው። ዛሬ ሲያጥቡ የኖሩ እጆችህ የኋላውን ካሜራ ዓይን ደፈኑ። ከዚያ ሐጂን ማን ጠራቸው?»

«እሱ» አሉ ኩልሱም። «‹አጎቴ፣ ከኋላ ሆነው ይምሩት› ብሎ ከቤት አወጣቸው።»

ቲጃኒ ግንቡን ተደግፎ ተንሸራተተና ቁጭ አለ። «መሪዬን ለእንግዳ ሰጡብኝ» አለ።

ኢርፋን ወደ ፈለቀ ሄደ። የመታበትን እጁን በሌላው እጁ ይዞ ቆመ።

«ተወው» አለው ፈለቀ። «እኔም ብሆን እመታ ነበር።»

በዚያው ማታ ፈለቀ ነፃ ነህ ተብሎ ወደ ጅማ ተሸኘ። ፖሊሶቹ በመኪናችን እንጫንህ ቢሉት እምቢ ብሎ፣ መንገዱን በእግሩ፣ በዝናብ ተያያዘው።

ከዚህ ሁሉ አንዲቷን ብቻ ከኪሴ አውጥቻለሁ። የሩፈይዳ እጅ ፍሬኑ ላይ ነበር ያልኳችሁ እንዳትደነግጡ ብዬ ነው። እጇ ጉልበቷ ላይ ነበር።