የጌታነህ ነጥብ

እኔ እንዲህ ዓይነት ነገር የማምን ሰው አልነበርኩም፣ እመኑኝ፣ ሥራዬ ካርታ ነው፣ ጎንደር ውስጥ መሬት ስለካና ካርታ ስሥል ነው የምውለው፣ ሰው ጋኔን አየሁ ሲለኝ «የቱ ጋ? ቦታውን በስልክ ላክልኝ» እያልኩ የማሾፍ ሰው ነበርኩ።

ዓሣ ማጥመዱንም የጀመርኩት በካርታ ነው። በሳተላይት ፎቶ ላይ ወንዝ ጣና የሚገባበትን፣ ውሃው የሚጠቁርበትን፣ ደንገሉ የሚያልቅበትን እየፈለግሁ በስልኬ ምልክት አደርግና ቅዳሜ ቅዳሜ ከአዘዞ ወደ ጎርጎራ እንወርዳለን፣ እኔና የባለቤቴ ወንድም ጌታነህ። ምልክት ካደረግሁበት ቦታ ቆሮሶ የሚባለው ዓሣ ጠፍቶ አያውቅም፣ በዚህም ትንሽ ጉራ ነበረብኝ፣ አልዋሽም።

ታንኳ የሚያከራዩን ሽማግሌ፣ አያ ጫኔ፣ በስልኬ ይስቁ ነበር። «ሸጋ ነው፣ ዓሣውን ያሳይህ። ውሃ ላይ ግን ስምህን ሦስቴ ሳትሰማ አቤት እንዳትል፣ ጋኔን ሦስቴ አይጠራም» ይሉኛል፣ እሺ ብዬ እስቃለሁ።

ያን ቀን በሁለት ታንኳ ወጣን። ጌታነህ ዋና አይችልም፣ ስለዚህ እንዳንጠፋፋ ብለን ያለንበትን ቦታ በስልክ ተጋራን፣ እኔ ስልክ ላይ እሱ አንድ ሰማያዊ ነጥብ ነው፣ እሱም ስልክ ላይ እኔ እንዲሁ። ፀሐይ ልትጠልቅ ስትል ጉም ወረደ፣ ምን ልበላችሁ፣ የታንኳዬ ጫፍ እንኳ አልታይ አለኝ። ስልኬን ሳይ የጌታነህ ነጥብ ወደ ዳር በመምጣት ፈንታ ወደ ሐይቁ መሃል ይሄዳል። ደወልኩ፣ ይጠራል፣ አያነሳም። እህቱን ምን ልላት ነው ብዬ በጣም ፈራሁ፣ ስልኩን ጉልበቴ ላይ አድርጌ ነጥቡን ተከትዬ ቀዘፍኩ።

ነጥቡ ቆመ። ደረስኩበት፣ የሁለታችን ነጥብ ተደራረበ። እጄን ዘረጋሁ፣ ታንኳ የለ፣ ሰው የለ፣ ግን እዚያው አጠገቤ መቅዘፊያ ውሃ ሲነካ ይሰማኛል፣ ቀስ እያለ፣ ጠብ ጠብ። ከዚያ ከጆሮዬ ሥር፣ በጌታነህ ድምፅ፣ «ስዩም» አለኝ።

እኛ ቤት ተጠርቶ ዝም ማለት ያስገርፍ ነበር፣ አፌ አመለጠኝና «አቤት» አልኩ።

ወዲያው ስልኬ ጮኸ፣ ጌታነህ ነው። ጉሙ ሲጀምር ወደ ዳር ወጥቶ ኖሯል።

«የት ሄድክ?» አለኝ። «አሁን እዚህ አጠገቤ ተቀምጠህ የመንጠቆውን ገመድ ስትፈታ አልነበር? ስዩም ብልህ አቤት አልከኝና ተነስተህ ወደ ውሃው ገባህ።»

አያ ጫኔ ዳር ላይ እሳት አንድደው፣ እየጮኹ መሩኝና ወጣሁ። የጠየቁኝ አንድ ነገር ብቻ ነው፣ «ምነው፣ መለስክለት?» አሉኝ። አልመለስኩም ብዬ ዋሸሁ።

ከዚያ ወዲህ ጣና አልወረድኩም። ጌታነህ ቤት ሲመጣ ሰላም ይለኝና እጄን ቶሎ አይለቅም፣ ያገላብጠዋል፣ እኔም ዝም እለዋለሁ፣ ሰው መሆኔን ያረጋግጥ ብዬ። ባለፈው ግን ጓዳ ገብቶ ለእህቱ ሹክ ሲላት ሰማሁት፣ «ያን ቀን አጠገቤ የተቀመጠውም እጁ ይሞቅ ነበር» አላት።

ባለቤቴ ከዚያ ወዲህ እኔ ሳልተኛ አትተኛም።