የሐሙሲት ለቀስተኞች

የ1967 ዓ.ም. የታኅሣሥ ገብርኤል ማለዳ፣ ቄስ ወልደ ገብርኤል ጥምጣማቸውን በቅጡ እንኳ ሳይጠመጥሙ ባሕር ዳር ፖሊስ ጣቢያ ደረሱ። ሌሊቱን ማኅሌት ቆመው ስላደሩ እግራቸው አልታዘዝ ብሏቸዋል፤ ወንበር ሲሰጣቸው ግን አልቀመጥም አሉ።

«የነፍስ ልጄ ወለተ ጊዮርጊስ ሞታለች» አሉ።

የጣቢያው መርማሪ መቶ አለቃ መርስዔ ኀዘን መፋቂያውን ከአፉ አወጣ። የስሙ ትርጉም ኀዘን የሚያስረሳ ማለት ነው፤ ሰውየው ግን ኀዘን ያልገባበት ቤት እግሩ ረግጦ አያውቅም።

«ነፍሳቸውን ይማር። ግን አባቴ፣ ሞት የሚነገረው ለእድር ነው እንጂ ለእኔ ነው?»

«ለእድርማ ገና አልተነገረም። ትናንት ማታ፣ "አንድ ኃጢአት ቤቴ ደጃፍ ደርሷል፤ ሳይገባ ይምጡልኝ" ብላ ልካብኝ ነበር። ከማኅሌት ወጥቼ ስደርስ ሞታ አገኘኋት። ልጇ "ልቧ ነው" ይላል። እኔ ደግሞ ስንት ሬሳ ገንዤአለሁ፤ ልቡ ያቆመ ሰው ከንፈሩ በውስጥ በኩል አይቆረጥም።»

መቶ አለቃ ኮፍያውን አነሣ። ያ ወር ሰው ሬዲዮ በተከፈተ ቁጥር የሚደነግጥበት ወር ነበር፤ የአንዲት አሮጊት ሞት ማንም ጉዳዬ አይለውም ነበር። እሱ ግን ቄሱን ተከትሎ ወጣ።

ቤቱ ከጣና ዳር፣ ደንገሉ የጓሮውን አጥር እየነካ የሚበቅልበት ቦታ ነው። የሟች ልጅ አካሉ የኢንሹራንስ ወኪል ነው። ወኪል ይባል እንጂ የወረታና የሐሙሲት ነጋዴ ሀብቱን ከምን ላይ እንደሚያውለው፣ መኪናውንና መጋዘኑን እንዴት እንደሚያስጠብቅ የሚጠይቀው እሱን ነበር። ዕድሜውን የፈጀው አቶ ፅጌ ማርያም በሚመሩት ቅርንጫፍ ነው። በጥቅምት ተጣልቶ ወጣና ሌላ ኩባንያ ገባ። ታዲያ የድሮው ውል እንዲህ ይላል፤ ለቆ የወጣ ወኪል አንድ ዓመት ሙሉ ከድሮ ደንበኞቹ ደጃፍ አይደርስም፣ ሰውም አይልክባቸውም። ይህን ከጣሰ በዋስትና ያስያዘው ቤት ይሄዳል፤ የተያዘውም ይኸው የጣና ዳር ቤት ነው። የአዲሱ ኩባንያ ኃላፊ አምሐ በበኩሉ ቀጥ አድርጎ ነግሮታል። «የቀጠርሁህ ለደንበኞችህ ብዬ ነው። እስከ ገና ካላመጣሃቸው መንገዱን ጨርቅ ያድርግልህ።» እንግዲህ ሰውየው ምን ያድርግ? ቢሄድ ቤቱ ሊወሰድ፣ ቢቀመጥ እንጀራው ሊቋረጥ!

ወይዘሮ ወለተ ጊዮርጊስ አልጋቸው ላይ ተጋድመዋል። ዓይናቸው ተከድኗል፤ የእግራቸው አውራ ጣቶች በነጭ ክር ተያይዘው ታስረዋል። መቶ አለቃ ከንፈራቸውን ገለጥ አድርጎ አየ፤ ቄሱ እንዳሉት ነው። ቀኝ እጃቸውን አነሣ፤ ከጥፍራቸው ሥር ደም ደርቋል።

«ዓይናቸውን ማን ከደነላቸው?» ብሎ የአካሉን ሚስት ጠየቃት።

የብርጓል ሁለቱንም ጉንጮቿን ነጭታ ደም አልብሳቸዋለች። «እኔ አይደለሁም። ስንገባ እንዲሁ ነበሩ» አለች።

«ሌሊት የት ነበራችሁ?»

«ማኅሌት። እኔ ልጆቹን ይዤ ቀድሜ ሄድሁ፤ አካሉ ከኋላ መጣ።»

«መምጣቱን አየሽ?»

«ኧረ እንዴት አድርጌ? ወንዱ በወንድ በር፣ ሴቱ በሴት በር ነው የሚገባው። ሲነጋ ቅጽሩ በር ላይ ተገናኘን።»

«ማታ እናትየው ደኅና ነበሩ?»

«ደኅና ነበሩ። ከአካሉ ጋር ግን ተኳርፈው ነበር።»

«በምን?»

«እኔ እንጃ» አለችና መሬት መሬት አየች።

መቶ አለቃ ወደ ግቢው ሲወጣ የእድሩ ጥሩምባ ገና መነፋት ጀመረ። እሱ ግን ሾላው ሥር የተነጠፈውን ሰሌን አይቶ ቀጥ ብሎ ቆመ። ነጭ ኮፍያ ያጠለቁ ሰዎች ረድፍ ይዘው ተቀምጠዋል። ከመካከላቸው አንዱን ያውቃቸዋል፤ የሐሙሲቱ የእህል ነጋዴ ሐጂ ሙሀመድሰዒድ ናቸው። ሐሙሲት ደግሞ አባይ ማዶ፣ በጎንደር መንገድ፣ በአውቶቡስ የሚኬድ አገር ነው። ጎረቤት ያልሰማውን ሞት እነሱ ከየት ሰሙት?

ሐጂን ወደ ጓሮ ይዟቸው ሄደ።

«ሐጂ፣ መርዶው መቼ ደረሰዎት?»

«ሐሙስ።»

«ሐሙስ? ሴትየዋ እኮ የሞቱት ሌሊቱን ነው!»

ሐጂ ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ። «ግራ የገባኝስ ይኸው ነው፣ ልጄ። የጎንደሩ አውቶቡስ ሾፌር፣ "የአካሉ አጎት ጣና ደሴት ገዳማቸው ውስጥ ዐርፈዋል፤ ቅዳሜ ለቅሶ ይቀመጣል፣ ለወዳጆቹ ንገርልኝ ብሏል" ሲለኝ ሰዎቼን ሰብስቤ መጣሁ። ደርሰን ስናይ እናትየው ናቸው! በአንድ ቤት ሁለት ሞት!»

«ስለ አጎትየው የጠየቀ አልነበረም?»

«አዪ! ሬሳ በተጋደመበት ቤት "ያኛውስ እንዴት ሆነ" ተብሎ ይጠየቃል? ዝም ብለን አለቀስን።»

መቶ አለቃ በዚያው ሰዓት አንድ ፖሊስ ጠርቶ ጀልባ እንዲፈልግና ወደ ደሴቱ ገዳም እንዲሻገር አዘዘው።

አቶ ፅጌ ማርያም ረፋዱ ላይ እየተንጎራደዱ ደረሱ። ለቅሶ ቤት መሆኑን ረስተው ቡጢያቸውን ይወዘውዛሉ፤ እጅጌያቸው ከአንጓቸው ሸሽቶ ሰዓታቸው ያብለጨልጫል።

«ትናንት ማታም መጥቼ ነበር፣ አልክድም! የሐሙሲት ደንበኞቼ ወደዚህ ሊመጡ ነው ሲባል ሰማሁ። "ብትነካቸው ቤትህን አስወስዳለሁ" አልሁት አካሉን።»

«እሱስ ምን መለሰ?»

«እሱማ ጀርባውን ሰጠኝ። እናትየው ናቸው ከበሩ ብቅ ብለው፣ "ሂድ ልጄ፣ ነገ ከዚህ ቤት ውሸት አትሰማም" ያሉኝ።»

«ምን ውሸት?»

«እኔ ምኑን አውቄ! አካሉን ጠይቀው።»

አምሐ ደግሞ ቤት ከተከራየበት ከፔዳ ሰፈር መጣ። ክራባት ያሰረ ወጣት ነው፤ ሙቀቱ አስጨንቆት የሸሚዙን እጅጌ እስከ ክርኑ ጠቅልሎታል።

«ቀን ቆረጥሁበት እንጂ እናትህን ግደል አላልሁትም። ቀን መቁረጥ ወንጀል ነው?» አለ።

«"ገደለ" ብሎ የነገረህ ማን ነው?»

አምሐ አመዱ ቡን አለ። «ሰው እያወራ… አንተስ ለምን መጣህ ታዲያ? ማታ ቤቴ ነበርሁ። ብቻዬን።»

አካሉ እድሩ በተከለው ድንኳን ውስጥ ከወንዶቹ ፊት ተቀምጧል። ጥቁር ጋቢ ተከናንቦ ፊቱ ብቻ ይታያል፤ ፊቱንም ነጭቶታል። ወንድ ልጅ ፊቱን ሲነጭ እምብዛም አይታይም። እናት ናትና ማን ይፈርድበታል? ጎረቤት ንፍሮ አቅርቦ የእጅ ውኃ ሲያዞር ግን፣ «አልበላም» ብሎ እጁን ከጋቢው ውስጥ ሳያወጣ ቀረ። መቶ አለቃ ይህን አየና መፋቂያውን ጥርሱ ላይ አዘዋወረ።

ሬሳው ወደ ሐኪም ተወሰደ። ማምሻውን መልሱ መጣ፤ ታፍነው ነው የሞቱት። ከተማው አቶ ፅጌ ማርያም ላይ ጣቱን ቀሰረ፤ ዛቻቸውን ያልሰማ አልነበረምና።

በማግሥቱ መቶ አለቃ ሁሉንም ድንኳኑ ውስጥ ሰበሰባቸው። ቄሱ መስቀላቸውን ይዘው ቆመዋል። ሐጂ ከነሰዎቻቸው አድረዋል።

«የሰው ልጅ ይሞትና ለቅሶ ይጠራል» ብሎ ጀመረ። «እዚህ ቤት ግን መጀመሪያ ለቅሶ ተጠራ፣ ሰው የሞተው ከዚያ በኋላ ነው። ሐጂ፣ እርስዎ የመጡት ለማን ነው?»

«ለአጎትየው። ለመምህር ወልደ ሐዋርያት።»

«ይግቡ፣ መምህር» አለ መቶ አለቃ።

የድንኳኑ መጋረጃ ተገልጦ አንድ ሽማግሌ መነኩሴ ገቡ። የጣና ውኃ የቀሚሳቸውን ጫፍ አርሶታል። ሐጂ «ሱብሃነላህ!» ብለው ከተቀመጡበት ብድግ አሉ። ሽማግሌው ማንንም ሳያዳምጡ፣ «እኅቴ የታለች? እኅቴን አሳዩኝ» እያሉ ያለቅሳሉ። አካሉ ቀና ብሎ አላያቸውም።

«አካሉ ከደንበኞቹ ደጃፍ እንዳይደርስ በውል ታስሯል» ሲል መቶ አለቃ ቀጠለ። «ለቅሶ ለመድረስ የመጣን ሰው ግን "ደንበኛ ጠራህ" ብሎ የሚከስ የለም። ከገዳም የማይወጡትን መምህርን ሞቱ ብሎ ቢያስነግር ማን ያጣራል? ለቀስተኛው ይመጣል፣ ሦስት ቀን ይቀመጣል፣ ወሬው ከወሬ ይያያዛል። የዚህ ጥቅም ለአካሉ ነው፤ ለአምሐም ነው። አቶ ፅጌ ማርያም ግን ይህ ለቅሶ እንዲቀር እንጂ እንዲኖር አይሹም። እንግዲህ እሳቸውን ተዉአቸው።»

አቶ ፅጌ ማርያም በረጅሙ ተነፈሱ።

«ወይዘሮ ወለተ ጊዮርጊስ በቁሙ ላለ ወንድሜ አላለቅስም አሉ። ለቄሱ ላኩ፤ በር ላይም "ነገ ውሸት አትሰማም" አሉ። ለቀስተኛው ተጠርቷል፣ የሚለቀስለት ግን የለም። እሳቸው አፋቸውን ከከፈቱ ውርደቱም አለ፣ ቤቱም ይሄዳል። ማታ ይህን ሲሉ የሰማ ማን ነው? አምሐ ማታ ከፔዳ እንዳልወጣ አከራዩ ነግሮኛል።»

«እኔም እኮ የምለው ይኼንኑ ነው!» አለ አምሐ።

«አንተ ዝም በል። ገዳዩ ዓይናቸውን ከድኖ፣ ጣታቸውን አስሮ ነው የሄደው። ባዕድ ገዳይ ሮጦ ይወጣል እንጂ ይህን አያደርግም። ሟችም ዝም ብለው አልሞቱም፤ የአፋኛቸውን እጅ ቧጥጠዋል። የአቶ ፅጌ ማርያምን አንጓ ትናንት አይቻለሁ። የአምሐንም እስከ ክርኑ አይቻለሁ። የብርጓል ባዶ ክንዷን እያወጣች ደረቷን ስትመታ ውላለች። ያላየሁት የአንድ ሰው እጅ ብቻ ነው።» ድምፁን ዝቅ አደረገ። «አቶ አካሉ፣ ያዘነ ሰው ፊቱን ይነጫል። የእጁን አንጓ የሚነጭ ለቀስተኛ ግን አላየሁም። እስቲ እጅዎን ከጋቢው ያውጡት።»

የብርጓል «አካሉ፣ አውጣና አሳየው! አሳየውና ይፈር!» አለች። አካሉ ሁለቱንም እጆቹን አወጣና ጉልበቱ ላይ አኖራቸው። አንጓዎቹ ተቧጥጠው ቆስለዋል።

«አፏን ብቻ ነበር የያዝሁት» አለ። «"ልጆቼ ሜዳ ላይ ሊወድቁ ነው፣ ሦስት ቀን ብቻ ዝም በይልኝ" ብዬ እግሯ ላይ ወደቅሁ። "ወንድሜን በቁሙ አልቀብርም" ብላ ጮኸች። ፅጌ ማርያም ገና ከደጅ ያለ መሰለኝ። ዝም እንድትል ነው… ስለቃት ዝም ብላለች። እማዬ፣ እማዬ ብላት አልሰማ አለችኝ። ከዚያ ወዲያ ለቅሶው የምር ሆነ።»

የብርጓል እየጮኸች ወደቀች፤ ሴቶቹ ደገፏት። መነኩሴው ቀርበው የእኅታቸውን ልጅ ራስ በሁለት እጃቸው ያዙ፤ አልረገሙትም፣ አልመረቁትምም።

ሐጂ ሙሀመድሰዒድ ከፊቱ ቆሙ። ጢማቸው በእንባ ርሷል።

«አካሉ፣ ምነው ልጄ? ምነው? መኪናዬን ያስመዘገብሁት አንተን አምኜ ነው እንጂ ኩባንያውን መች አውቀዋለሁ? ውሉ አንተን አሰረህ እንጂ እኔን አላሰረኝ። ትናንት ለባሕር ዳር ቅዳሜ ገበያ ስመጣ ሰዎቼን ይዤ በገዛ እግሬ እቤትህ ገብቼ ልዋዋልህ ቆርጬ ነበር። መርዶው ባይደርሰኝም ትናንት እዚሁ ነበርሁ።»

አካሉ አፉን ከፍቶ አያቸው። ፖሊሶቹ ሲያነሡትም ዓይኑን ከሐጂ ላይ አልነቀለም።

በዚያው ሳምንት ረቡዕ ሬዲዮ አዋጅ አሰማ። ባንክና ኢንሹራንስ ኩባንያ ሁሉ ከዛሬ ጀምሮ የመንግሥት ሆኗል። ከሰዓት በኋላ የአቶ ፅጌ ማርያምም የአምሐም ቢሮ ታሸገ። ሁለቱ ሰዎች ከመንገድ ዳር ጎን ለጎን ቆመው በራቸው ሲታሸግ አዩ።

መቶ አለቃ መርስዔ ኀዘን ወደ እስር ቤቱ ገብቶ አካሉ አጠገብ ተቀመጠ። አዋጁ በመስኮት ይሰማ ስለነበር መንገር አላስፈለገውም።

«ደንበኞቹስ የማን ሆኑ?» አለ አካሉ።

«የማንም። ሁሉም የመንግሥት።»

«ዝም ብዬ ብቀመጥ ኖሮ…»

መቶ አለቃ መፋቂያውን ከአፉ አውጥቶ ኪሱ ከተተው። «እናቴን ቀበራችኋት?» ሲል ጠየቀ አካሉ።

«ቄስ ወልደ ገብርኤል ፍትሐት አደረሱላቸው። ወንድማቸው አፈር አለበሷቸው።»

«ቀብሯ ላይ ማን ነበር?»

«ሁሉም ነበር» አለው መቶ አለቃ። «ከሐሙሲትም፣ ከወረታም። ደንበኞችህ አንድም ሰው አልቀረም።»

አካሉ የቆሰሉ እጆቹን አንሥቶ ፊቱን ሸፈነና ለመጀመሪያ ጊዜ ለእናቱ አለቀሰ።